ካኖን 6ዲ፦ በ11 የፎከስ ነጥብ ሰውን ፍሬሙ ውስጥ የት እናስቀምጥ?

ያገለገለ ካሜራ ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሜጋፒክስል ነው። ቀጥሎ ስለ ቪዲዮ። ስለ ፎከስ ነጥቦቹ፣ ማለትም ካሜራው ጥርት አድርጎ ስለሚይዝባቸው ትንንሽ ምልክቶች፣ የሚጠይቅ ብዙ አላጋጠመኝም። እኔ ግን አንድ ካሜራ እጃችን ላይ ሲቆይ የፎቷችንን መልክ ከምንም በላይ የሚወስነው ይሄ ነው እላለሁ። የነጥቦቹ ብዛት ብቻ አይደለም፣ ቪውፋይንደሩ (ዓይናችንን አስጠግተን የምናይበት መስኮት) ውስጥ የት የት እንደተቀመጡም ጭምር። ምክንያቱም ሰው ጥርት ብሎ እንዲወጣልን ነጥቡን ፊቱ ላይ እናደርጋለን፣ ነጥቡ መሀል ላይ ከሆነ ፊቱም መሀል ላይ ይቀራል፣ ከጭንቅላቱ በላይ ባዶ ግድግዳ ይበዛል፣ ከታች እግሩ ይቆረጣል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ አልበሙ በሙሉ አንድ ዓይነት ይሆናል። ፎቶ አንሺው እንዲህ ይሁን ብሎ አይደለም። ካሜራው ነው የመረጠለት።

ስለ ካኖን 6ዲ የምጽፈው ከዚህ አንግል ብቻ ነው። ዋይፋይ አለው፣ ጂፒኤስ አለው፣ ቪዲዮም ይቀርጻል፣ እሱን ዛሬ አልነካውም። ካሜራው ይፋ የሆነው በፈረንጆቹ 2012 ነው። እስካሁን ያገለገለው የሚፈለገው ባለ ሙሉ ፍሬም ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው ክፍሉ እንደ ድሮው ፊልም ሰፊ የሆነ) ካሜራ በትንሽ ገንዘብ ለመያዝ ካሉት መንገዶች አንዱ ስለሆነ ነው። 20.2 ሜጋፒክስል ነው። ከባትሪና ከካርድ ጋር 770 ግራም ገደማ ይመዝናል። የፎከስ ነጥቦቹ 11 ናቸው። በዚያው ዓመት የወጣው ውዱ 5ዲ ማርክ 3 ግን 61 ነጥብ ነበረው፣ ስለዚህ ካኖን ዋጋውን ያወረደው ከየት ላይ ቆርጦ እንደሆነ መገመት አያስቸግርም።

ከ11ዱ መስቀለኛ የሆነው የመሀሉ አንዱ ብቻ ነው። መስቀለኛ ነጥብ ቋሚውንም አግድሙንም መስመር ያነባል። የቀሩት 10ሩ የሚያነቡት አንዱን አቅጣጫ ብቻ ነው። ወረቀት ላይ ቀላል ነገር ይመስላል። የሀገር ልብስ የለበሰ ሰው ስናነሳ ግን ቁም ነገሩ ይወጣል። ካሜራ ፎከስ የሚይዘው ልዩነት ፈልጎ ነው፣ ብርሃንና ጥላ ወይም ጥቁርና ነጭ የሚገናኙበትን ጠርዝ ይፈልጋል። ንጹህ ነጭ ነጠላ ላይ ጠርዝ የለም። ሌንሱ ወደፊት ይሄዳል፣ ወደኋላ ይመለሳል፣ ሳይዝ ይቀራል። ጥለቱ ላይ ስናደርገው ደግሞ እንደ ጥለቱ አቅጣጫ ነው፣ የዳሩ ነጥብ ከሚያነበው ጋር ከገጠመ ወዲያው ይይዛል፣ ካልገጠመ እዚያው መመላለስ ነው። እንዲህ ሲሆን ካሜራውን ትንሽ ዘንበል አድርጎ ማስያዝና መልሶ ማቃናት ይሠራል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ልብሱን ትቶ ዓይን ላይ መሄድ ነው። ጉንጭ ወይም ግንባር ላይ አይደለም፣ እነሱም እንደ ነጠላው ለስላሳ ናቸው። ሽፋሽፍቱ ላይ፣ ብሌኑ ውስጥ በምታበራዋ የመስኮት ብርሃን ላይ። ብርሃኑ ደብዛዛ ሆኖ ጠይም ፊት ላይ አልይዝ ካለ ከዓይኑ እኩል ርቀት ላይ ያለ ሌላ ጠርዝ ፈልጉ። ፀጉርና ግንባር የሚገናኙበት መስመር ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

አሁን ወደ አቀማመጣቸው። 11ዱ ነጥቦች የአልማዝ ቅርጽ ሠርተው ወደ መሀል ተሰብስበዋል። ማዕዘኖቹ ጋ ምንም የለም። ፍሬሙን በሁለት ቋሚና በሁለት አግድም መስመር ዘጠኝ ቦታ ከፍለን ሰውየውን መስመሮቹ የሚገናኙበት ላይ እናስቀምጥ ስንል፣ ሁላችንም ስንማር የተነገረን ያ ነው፣ 6ዲ እዚያ መገናኛው ላይ የሚያቀርብልን ነጥብ የለውም። አልማዙ ልክ እዚያ ጋ ይጠባል። በጣም የማዝነው በዚህ ነው፣ ምክንያቱም ካሜራው ለጀማሪ የሚሸጥ ነው፣ ጀማሪ ደግሞ ነጥብ ባለበት ቦታ ሰው ያስቀምጣል።

ሁሉንም ነጥብ ለካሜራው አሳልፎ መስጠትም አያዋጣም። 6ዲ ያለው ሁለት ምርጫ ብቻ ነው፣ ወይ እኛ አንዱን እንመርጣለን ወይ እሱ ከ11ዱ ይመርጣል። እሱ ሲመርጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ቅርብ ወዳለውና ጠርዙ ወደ ጎላው ነገር ነው። ሙሽራዋ አበባ ይዛ ከቆመች አበባው ጥርት ይላል፣ እሷ ትደበዝዛለች። አዳራሽ ውስጥ ፊት ለፊት የተቀመጠ የውሃ ጠርሙስ ካለ ጠርሙሱን ያነሳልናል። ሰው የምታነሱ ከሆነ ይሄን አጥፉት፣ ሁልጊዜም አንድ ነጥብ ራሳችሁ ምረጡ።

የመሀሉ ነጥብ ግን ሊመሰገን ይገባዋል። ካኖን እስከ −3 ኢቪ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ድረስ ይሠራል ብሎ ነው ያወጣው፣ ይሄ የጨረቃ ብርሃን የሚያህል ማለት ነው፣ በጊዜው ከብዙ ውድ ካሜራዎች የተሻለ ነበር። ይሄ እኛ ሀገር ትልቅ ነገር ነው። የትንሣኤ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ መብራት ጠፍቶ ሰው ሁሉ ጧፍ ይዞ ሲቆም፣ አስፈቅዶ ለሚያነሳ ሰው የመሀሉ ነጥብ በጧፍ ብርሃን ፊት ይይዛል። ፍላሽ አያስፈልግም፣ ማንንም አይረብሽም። የዳሮቹ ነጥቦች በዚያ ጨለማ ተስፋ የላቸውም።

እንግዲህ ጭንቀቱ እዚህ ጋ ይመጣል። ጎበዙ ነጥብ መሀል ላይ ነው፣ እኛ ደግሞ ሰውየውን መሀል ላይ አንፈልገውም። ብዙ ሰው የሚያደርገው በመሀሉ ነጥብ ዓይኑን ማስያዝ፣ የማንሻ ቁልፉን (ሻተሩን) በግማሽ ተጭኖ መቆየት፣ ካሜራውን አዙሮ ፍሬሙን ማስተካከልና ማንሳት ነው። ይሄን ዘዴ "ስህተት ነው፣ ፎቶ ያበላሻል" የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፣ ግን ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። ጥርት የሚለው ስፍራ ከሴንሰሩ ትይዩ የሆነ ጠፍጣፋ ነገር ነው፣ ካሜራውን ስናዞር አብሮ ይዞራል፣ ዓይኑ ከኋላው ሳይሆን ከፊቱ ይቀራል። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ከ1.5 ሜትር ርቀት፣ ዓይኑን መሀል ላይ አስይዘን ወደ አንድ ሦስተኛው መስመር ብናመጣው የምናዞረው 7 ዲግሪ ገደማ ነው። ጥርት የሚለው ስፍራ ከዓይኑ ወደኋላ የሚሸሸው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ርቀት በኤፍ 1.8 (የሌንሱ ቀዳዳ በጣም ሰፍቶ ማለት ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት በጠቅላላው ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ይሄ ብዙም አይጎዳም።

ቀርበን ስናነሳ ነገሩ ይለወጣል። በ1 ሜትር ርቀት ካሜራውን በቁም ይዘን ዓይኑን ከፍሬሙ አናት ሩብ ላይ ለማድረግ ብናዞር ወደ 10 ዲግሪ ነው፣ ሽሽቱ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ጥልቀቱ ደግሞ ከዓይኑ ወደፊት 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው ያለን። ጫፍ ላይ ደረስን ማለት ነው። ትልቅ አሳትመን ግድግዳ ላይ ስንሰቅለው ሽፋሽፍቱ ልስልስ ብሎ ይታያል። ከዚህም የሚብሰው ደግሞ የራሳችን ሰውነት ነው። አስይዘን ካሜራውን እስክናዞር ድረስ ትንፋሽ እንወስዳለን፣ አንድ እግራችን ላይ እንደገፋለን፣ ሰውየውም ይነቃነቃል። ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር በዚህ ብቻ ይሄዳል፣ ከጂኦሜትሪው ይበልጣል። ስለዚህ እኔ ከወገብ በላይ ወይም ሙሉ ቁመት በ50 ሚሊ ሜትር ሳነሳ አስይዞ ማዞሩን ያለ ጭንቀት እጠቀምበታለሁ፣ ፊት ብቻ ሲሆን ወይም በ85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሲሆን ነጥቡን ራሱን አንቀሳቅሳለሁ።

ነጥብ ማንቀሳቀሱ እንደ ካሜራው ሴቲንግ ይከብዳል ወይም ይቀላል። ከፋብሪካ ሲመጣ መጀመሪያ ከኋላ ያለውን የነጥብ መምረጫ ቁልፍ መጫን፣ ከዚያ ማንቀሳቀስ ነው። ሁለት ሥራ ነው፣ ሰርግ ላይ ማን ይጠብቀናል? ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ከኋላ መንኮራኩሩ መሀል ያለውን ባለ ስምንት አቅጣጫ ቁልፍ ነጥቡን በቀጥታ እንዲመርጥ አድርጉት። አውራ ጣት ትጫናለች፣ ነጥቡ ይሄዳል፣ አለቀ። ሁለተኛው ለውጥ ፎከሱን ከሻተር ቁልፉ ነጥቆ ከኋላ በአውራ ጣት ለሚጫነው የፎከስ ቁልፍ፣ ለኤኤፍ-ኦን፣ መስጠት ነው። አንዴ በአውራ ጣት አስይዘን ከለቀቅን ፎከሱ እዚያው ይቆያል። ከዚያ ፍሬሙን እንደፈለግን እያዞርን፣ ሰውየው ቦታውን እስካለቀቀ ድረስ፣ ደጋግመን ማንሳት እንችላለን። ሻተር በተጫንን ቁጥር ፎከሱ እንደገና አይሄድብንም። እነዚህ ሁለት ለውጦች የሌሉበትን 6ዲ ሰው ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማደርገው ሜኑውን መክፈት ነው።

ካሜራውን በቁም ስንይዘው የአልማዙ ነገር ወደ ጥቅም ይዞራል። አግድም ሲያዝ ዳርና ዳር የነበሩት ነጥቦች አሁን ላይና ታች ይሆናሉ። የላይኛው ከፍሬሙ አናት ወደ አንድ ሦስተኛው ይጠጋል። ከወገብ በላይ ፎቶ ላይ የሰው ዓይን እንዲቀመጥ የምንፈልገው እዚያው አካባቢ ነው። ጥሩ ብርሃን እስካለ ድረስ 6ዲ ለቁም ፖርትሬት በጣም የሚመች ካሜራ ነው ስል በዚህ ምክንያት ነው።

የት እናስቀምጥ ለሚለው የኔ ልማድ ይሄ ነው። መጀመሪያ ነጥቡን አላይም። ሰውየው ወዴት ነው የሚያየው? ወደ ግራ የምታይ ሙሽራ በቀኝ ትሁን፣ የምታየው ነገር ቦታ ያግኝ። የምትሄድ ከሆነ የምትሄድበት ፊት ለፊት ክፍት ይሁን፣ ቬሎዋ ረጅም ከሆነ ግን ከኋላዋም ትንሽ ተዉ፣ የቬሎ ጭራ የተቆረጠበት ፎቶ ማንም አይወድም። ከራስ በላይ ባዶ ቦታ አታብዙ የሚለውን ደንብ አከብራለሁ፣ ጥምቀት ላይ ግን አልሠራበትም። ካህናቱ ታቦት አክብረው ሲወጡ በላያቸው ያለው ባለ ወርቅ ጥልፍ ጥላ የፎቶው ግማሽ ነው። ስለዚህ የታችኛውን ነጥብ እመርጣለሁ፣ ፊታቸውን ዝቅ አድርጌ አስቀምጣለሁ፣ ጥላዎቹ የላይኛውን ፍሬም ይሞሉታል። ያ ሲሆን ነው ቀኑ የሚታወቀው።

መሀል ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ሁልጊዜ ድክመት አይደለም። ይሄን ደጋግሜ ነው የምለው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንን ተመልከቱ። ጻድቁ ፊት ለፊት ዞሮ በሁለት ዓይኑ ያየናል፣ ክፉው በጎን ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። እኛ ሰው ፊት ለፊት፣ መሀል ላይ፣ በሙሉ ዓይኑ ሲያየን ክብር እንዳለው የምንረዳ ሕዝብ ነን። አያቶቻችን ስቱዲዮ ገብተው የተነሱት ፎቶም እንዲሁ ነው። ስለዚህ እናት ጥበብ ለብሳ ወንበር ላይ ተቀምጣ "አንሱኝ" ስትል ወደ ዳር አልገፋትም። መሀል፣ ቀጥ ብላ፣ እጇ ጭምር ታይቶ። ልዩነቱ እሷን መሀል ያደረግናት እኛ አስበንበት መሆኑ ነው። መሀል ላይ የምትሆነው መላ አካሏ ነው፣ ዓይኗ ግን ከመሀል ከፍ ይላል፣ ስለዚህ እዚህም ላይኛውን ነጥብ እንጂ የመሀሉን አይደለም የምንጠቀመው። ቅድም ያልኩት የባዶ ግድግዳ ችግር የሚመጣው አካልን ሳይሆን ፊትን መሀል ላይ ስናደርግ ነው።

ቡና ሲፈላ ማንሳት የፎከስ ነጥብ ትምህርት ቤት ነው። ቄጠማው፣ ረከቦቱ፣ ሲኒዎቹ፣ ጀበናው፣ ከኋላ የምትቀዳው ሴት ፊት፣ በመሀል የእጣን ጭስ። የእጣኑ ጭስ በነጥቡ ፊት ሲያልፍ ካሜራው ይወናበዳል፣ በኤኤፍ-ኦን አስይዞ መልቀቅ እዚህ ያድናል። ነጥቡን ሲኒው ላይ ካደረግን ታሪኩ ስለ ቡናው ነው፣ ፊቷ ላይ ካደረግን ስለ እሷ ነው፣ በኤፍ 2 ሁለቱንም ማግኘት አይቻልም። መወሰን ነው። እኔ ሲኒው ከታች በአንዱ ጎን፣ ፊቷ ከላይ በሌላው ጎን ሆኖ፣ ጥርት የሚለው የሚንቆረቆረው ቡና ሲሆን ደስ ይለኛል።

የማይንቀሳቀስ ነገር ስታነሱ፣ ምግብ ወይም ዕቃ ወይም መልክዓ ምድር፣ ቪውፋይንደሩን ተዉትና በስክሪኑ ሥሩ። እዚያ የፎከስ ሳጥኑን ከአልማዙ ውጭ ወደ ማዕዘኖቹ አቅጣጫም ማንቀሳቀስ ይቻላል፣ እስከ ጠርዙ ባይደርስም፣ 5 እጥፍና 10 እጥፍ አጉልቶ ማየትም አለ። ቀርፋፋ ነው፣ ለሚሮጥ ልጅ አይሆንም፣ ስክሪኑም አይነካም አይታጠፍም። በየዓይነቱ ትሪ ለሬስቶራንት ሜኑ ለማንሳት ግን ትሪፖድ ላይ ካሜራው በጣም ትክክለኛ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ቪውፋይንደሩ የሚያሳየው የፍሬሙን 97 በመቶ ነው። ዳር ላይ ያላያችሁት ማይክ ወይም የሰው ክርን ፎቶው ላይ ይገኛል። ትንሽ ሰፋ አድርጎ ማንሳትና በኋላ መቁረጥ ለዚህም ለአቀማመጡም ይጠቅማል። ፎቶው 5472 በ3648 ፒክስል ነው። ከየጎኑ ቆርጠን 80 በመቶውን ርዝመትና 80 በመቶውን ቁመት ብናስቀር ከ12 ሜጋፒክስል በላይ ይተርፈናል፣ ለኤ3 ህትመት ይበቃል። በጨለማ በመሀሉ ነጥብ ሳነሳ ሳላዞር ሰፋ አድርጌ አንስቼ ኮምፒውተር ላይ ሰውየውን ወደ ጎን የማመጣው ለዚህ ነው።

ለሚንቀሳቀስ ነገር 6ዲን አልመክርም። ሩጫ፣ ኳስ፣ እስክስታ እንኳ። በኤአይ ሰርቮ (ፎከሱ የሚንቀሳቀስን ነገር እየተከተለ በሚይዝበት ሴቲንግ) የመሀሉ ነጥብ ይከተላል፣ የዳሮቹ ይዘገያሉ፣ በሰከንድ 4.5 ፎቶም አይበቃም። የሚሮጠውን ሰው ዳር ላይ አስቀምጦ ፊቱን ክፍት ማድረግ ነው የምንፈልገው፣ ካሜራው ደግሞ መሀል ላይ ካልሆነ አይከተልልንም።

ገንዘብ ጨምሬ ምን ልግዛ የሚለኝ ብዙ ነው። 6ዲ ማርክ 2 በ2017 የወጣ ነው፣ 45 ነጥብ አለው፣ ሁሉም መስቀለኛ ናቸው። ነጠላና ጥለት ላይ ያለው ችግር በብዛት ይቀላል። ግን እነሱም መሀል ላይ ታጭቀዋል፣ ለአቀማመጥ የሰጡን ነፃነት እንደ ቁጥራቸው አይደለም። የሚያድነው የሚነካውና የሚታጠፈው ስክሪኑ ነው፣ ሰውየውን በጣት መንካት ይበቃል። ሰርግ በቋሚነት ለሚያነሳ 5ዲ ማርክ 3 ከሁለቱም ይሻለኛል፣ ነጥቦቹ ሰፋ ብለው ተዘርግተዋል፣ ሁለት ካርድም ይይዛል። በ2019 የወጣው መስታወት የሌለው ኢኦኤስ አርፒ ደግሞ ዓይን ራሱ ፈልጎ ይይዛል፣ ፍሬሙ ዳር ላይም ቢሆን፣ የድሮ ሌንሶቻችንም በአዳፕተር ይሠሩበታል። ሰውን የት ላስቀምጥ የሚለው ከነጥብ ጋር የማይታሰርበት ካሜራ ነው፣ ደስ የሚለኝም ለዚህ ነው። ባትሪው ግን አንዴ ተሞልቶ 250 ፎቶ አካባቢ ነው የሚባለው፣ 6ዲ በቪውፋይንደር ከ1000 በላይ ነው። ከጠዋት የሙሽራ ቤት እስከ ማታ አዳራሽ ለሚውል ሰው ይሄ ተራ ቁጥር አይደለም። ሰው ሲበዛ ደግሞ አርፒ የመረጠው ዓይን የሙሽራው ይሁን የሚዜው ማየት የኛ ሥራ ነው።

ገንዘባችሁ የሚበቃው ለ6ዲ ከሆነ ግዙት፣ ጥሩ ካሜራ ነው። ፖርትሬት፣ ቤተሰብ፣ ዕቃ፣ ጨለማ ውስጥ ያለ ፊት፣ ይሄን ሁሉ በሚገባ ይሠራል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የፎከስ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ሞክሩ፣ ሻጩ ቢቸኩልም ጊዜ ውሰዱ። ጽሑፍ የበዛበት ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ ካሜራውን ትይዩ አድርጋችሁ ሌንሱን ሙሉ ክፈቱ፣ በ11ዱም ነጥብ አንሱ። ከዚያ በስክሪኑ አስይዛችሁ አንድ አንሱና አስተያዩ። ሁሉም በእኩል ወደ አንድ ወገን ከሳቱ ሜኑ ውስጥ ባለው የፎከስ ማስተካከያ ይድናል። አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ብቻ ከሳተ ካሜራው ወድቆ ሊሆን ይችላል፣ ተዉት። ሻተሩ 100,000 ጊዜ እንዲያገለግል የተሠራ ስለሆነ ስንት እንዳነሳ ጠይቁ። የኋላውን ባለ ስምንት አቅጣጫ ቁልፍ በሁሉም አቅጣጫ ተጫኑት፣ በአንዱ አቅጣጫ እንኳ ሲጫኑት ነጥቡ የማይሄድ ከሆነ አትግዙት፣ በዚህ ካሜራ ላይ ቀን ሙሉ የምትነኩት ቁልፍ እሱ ነው።